ከሳንባ ተነስቶ ልብ ውስጥ የገባ ዕጢ፦ ናሙና ይሰጥ ወይስ በቀጥታ ወደ ውጭ እንውሰደው?

የሊሙ ልጅ (እሑድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ስለ ወንድም ጋሼ ነው። 36 ዓመቱ ነው። ሊሙ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ከአራት ወር በፊት ደረቅ ሳል ያዘው፣ የቡናው አቧራ ነው ብለን ተውነው። አንድ ቀን ሱሪው አልቆም ብሎት ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት። ቀዳዳው ከድሮው አራት ጣት ይርቃል። ያኔ ነው ደንግጬ እጁን ይዤ ሐኪም ቤት የወሰድኩት።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ የሳንባ ምች ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት። አልተሻለውም። ስንመለስ ራጅ ተነሳ፣ ልቡ ሰፍቷል ውሃ ሳይቋጥር አይቀርም አሉ። አክታው በጂን ኤክስፐርት ሁለቴ ታይቶ ቲቢ የለበትም ተብሏል፣ ግን የቲቢ መድኃኒት አስጀመሩት። ስድስት ሳምንት ሳያቋርጥ ዋጠ። ሽንቱ ብርቱካን መሰለ እንጂ ሳሉ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳ ያለን ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ መተኛት አቃተው። ጋደም ሲል ይታፈናል። ሁለት ትራስ፣ ሦስት ትራስ እያለ በመጨረሻ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ማደር ጀመረ። እግሩ አበጠ፣ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ይቀራል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ገመድ አከለ። ሪፈር ተጽፎልን ትልቅ ሆስፒታል ስንደርስ ኤኮ የምታነሳው ሐኪም መሣሪያውን ደረቱ ላይ እንዳደረገች ፊቷ ተለዋወጠ፣ ወዲያው ሌላ ሐኪም ጠራች። በዚያው ቀን ከልቡ ዙሪያ 900 ሚሊ ሊትር ቀዱለት። ውሃ ይበሉት እንጂ ቀይ እሸት ቡና ሲታጠብ የሚወርደውን ነው የሚመስለው። ያን ሌሊት ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባው ተኝቶ አደረ። እኔ ደግሞ እስትንፋሱን ስቆጥር አደርኩ።

ሲቲ ስካን ሲነሳ ግን ሌላ ነገር መጣ። በግራ ሳንባው ታችኛ ክፍል 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ አለ። ዕጢው ደም ወደ ልብ በሚመልሰው ሥር ውስጥ ተስቦ ልቡ ውስጥ፣ በግራ በኩል ላይኛው ክፍል ገብቷል። ሐኪሞቹ በመርፌ ናሙና እንውሰድ ይላሉ። እናቴ «መርፌ ከነካው ይበተናል፣ ጎረቤታችን በዚህ ነው ያለቀው» ብላ አልፈርምም አለች። አጎቴ ቤቱን ሸጠን ህንድ እንውሰደው ይላል። ወንድም ጋሼ ራሱ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ስሙን ብቻ ንገሩኝ።»

እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ። ይሄ ነገር ካንሰር ነው ማለት ነው? እንዴት ነው ሳንባ ላይ የበቀለ ነገር ልብ ውስጥ የሚገባው? ናሙናውስ ይሰጥ?

ውስጥ ደዌ (እሑድ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ)

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ወንድምሽን ስላላየሁት እዚህ ሆኜ የሱን ሕክምና አልወስንም። ግን ከሐኪሞቹ ጋር ስትነጋገሪ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ።

ውሃው መቀዳቱ ሕይወቱን ነው ያተረፈው። ልብ የምትመታው ከረጢት ውስጥ ነው። በጤና ጊዜ እዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። በድንገት ሲሞላ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ልብን አንቆ ሊገድል ይችላል። ቀስ እያለ ሲሞላ ግን ከረጢቱ ይለጠጣል፣ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። የወንድምሽ በዚህ መንገድ የመጣ ይመስላል። ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1935 እ.ኤ.አ. ሦስት ምልክቶችን ጽፎ አልፏል፤ የደም ግፊት መውረድ፣ የአንገት ሥር መወጠርና የልብ ድምፅ ርቆ መሰማት። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። አንቺ ግን አንዱን በዓይንሽ አይተሽዋል። ገመድ ያከለው ሥር እሱ ነው። ፈሳሹ ተመልሶ ሊሞላ ስለሚችል እንደገና ትራስ መደራረብ ከጀመረ፣ ቆሞ ራሱን ካዞረው፣ ላብ ካሰመጠው ቀጠሮ አትጠብቁ።

እንዴት ልብ ውስጥ ገባ ላልሽው፣ ከእያንዳንዱ ሳንባ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ትልልቅ ሥሮች አየር ያገኘውን ደም ይዘው ወደ ልብ የግራ ላይኛ ክፍል ይገባሉ። ዕጢው የአንዱን ሥር ግድግዳ በልቶ ከገባ በኋላ ውስጥ ለውስጥ እንደ ሐረግ እየተሳበ ያድጋል፣ ጫፉ ልብ ውስጥ ብቅ ይላል። ሌላም መንገድ አለው። ተጠግቶ የልብን ሽፋን በቀጥታ ሊወር ይችላል፣ በደምና በሊምፍ መስመርም ሊደርስ ይችላል። በአጠቃላይ ከሌላ ቦታ ተነስቶ ልብ የሚደርስ ዕጢ ከልብ ራሷ ከሚበቅለው ከ20 እስከ 40 እጥፍ ይበልጣል፣ ከሚነሳባቸው ቦታዎች ደግሞ ሳንባ ከፊተኞቹ ነው። በሥር ውስጥ ተስቦ እስከ ልብ መድረሱ ግን ብዙ የማናየው ነገር ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ልብ ውስጥ ያለው ጫፍ ከደሙ ጋር ይወዛወዛል፤ ቁራጭ ከተቆረሰ ወደ አንጎል ወይም ወደ እግር ሊሄድ ይችላል። አፉ ድንገት ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ አንድ እግሩ ቀዝቅዞ ክፉኛ ካመመው ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ስልኩ ላይ የሁለት ባጃጅ ሹፌር ቁጥር አስቀምጪ፣ ይሄን የምለው ከልምድ ነው።

ሐኪሞቹን ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው፣ ልብ ውስጥ ያለው በእርግጥ ዕጢ ነው ወይስ ዕጢው ጫፍ ላይ የረጋ ደም? ሁለቱ በኤኮ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ዕጢ የራሱ የደም ሥር ስላለው በደም ሥር ማድመቂያ መድኃኒት ተሰጥቶ በሚነሳ ሲቲ ላይ ይደምቃል፣ የረጋ ደም አብዛኛውን ጊዜ አይደምቅም፤ ኤምአርአይ ከተገኘ የበለጠ ይለያል። ይህ የሚያስፈልገው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጥ አይሰጥ ለመወሰን ነው። የልቡ ዙሪያ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ያለበት ሰው ያን መድኃኒት ካልታሰበበት ቢወስድ ሊደማ ይችላል፣ ስለዚህ ማንም ከፋርማሲ ገዝቶ እንዳይሰጠው። ሁለተኛው፣ የተቀዳው ፈሳሽ ለካንሰር ሴል ምርመራ ተልኳል ወይ? ተልኮ ምንም አልተገኘበትም ቢሏችሁ ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ሴሎቹ ሁልጊዜ ፈሳሹ ውስጥ አይወድቁም።

ስለ ቲቢው አትቆጪ። እኛ አገር የልብ ሽፋን ውሃ ሲቋጥር መጀመሪያ ቲቢን ማሰብ ትክክል ነው፣ አክታ ነጻ ቢሆንም የልብ ሽፋን ቲቢ ሊኖር ይችላል። ስህተቱ ሰውየው ሳይሻለው ሲቀር ተመልሶ አለማየት ነው። አሁንም መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ግን ይቀጥል ወይስ ይቁም ብላችሁ ጠይቁ። ሪፋምፒሲን፣ ያ ሽንት የሚያቀላው፣ ሌሎች ብዙ መድኃኒቶችን ጉበት ቶሎ እንዲያስወግዳቸው ያደርጋል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪንንም፣ አንዳንድ የካንሰር ኪኒኖችንም ያዳክማል።

ካንሰር ነው ወይ ላልሽው፣ ሥር ሰብሮ የሚገባ ዕጢ አደገኛ መሆኑ ያመዝናል፣ አልደብቅሽም። ግን ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። 36 ዓመት ለሆነው፣ ሲጋራ ለማያጨስ ሰው የተለመደው የሳንባ ካንሰር ብቻ አይታሰብም። ሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፍ ሴሎች ካንሰር፣ ሊሆን ይችላል፤ ሊምፎማ ያለ ቀዶ ጥገና በኬሞ የሚቀልጥ ነው። በወጣት ወንዶች ደረት ውስጥ የሚበቅል፣ ከዘር ሴል የሚነሳ ዕጢም አለ፤ እሱ ደግሞ በደም ምርመራ ፍንጭ ይሰጣል፣ ኤኤፍፒ እና ቤታ ኤችሲጂ ይባላሉ። ደሙም ይታይ፣ የዘር ፍሬውም ይመርመር። ወንድምሽ አፍሮ እምቢ እንዳይል ወንድ ዘመድ ይንገረው። ርካሽ ምርመራ ነው፣ ሲረሳ ግን አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ ተስፋፍቶ እንኳ በኬሞ ሊድን ይችላል።

ናሙና ሳይወሰድ ህንድ ብትሄዱም የመጀመሪያ ሥራቸው ናሙና መውሰድ ነው። ቤቱ ይቆይ።

ብሎክ ቆራጭ (ሰኞ ጠዋት)

ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ለእናትሽ ይድረስልኝ።

እማማ፣ የሚሉትን ነገር በየቀኑ እሰማዋለሁ። ሰው ናሙና ሰጥቶ በወሩ ሲያልፍ መርፌው ገደለው ይባላል። ግን አብዛኛው ሰው ወደኛ የሚመጣው በሽታው ከሄደ በኋላ ነው፣ ሊሄድ የነበረውን መርፌው ላይ እናላክካለን። በመርፌው መንገድ ሴል ፈጽሞ አይዘራም ብዬ አልዋሽዎትም፣ አለ፣ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በተጨባጭ የሚፈራው ሌላ ነው። መርፌው ሳንባን ሲነካ አየር ወደ ደረት ሊያፈተልክ ይችላል፣ ጥቂት ደምም ሊያስል ይችላል። ለዚህ ነው ከወሰዱ በኋላ ለሰዓታት አስተኝተው ራጅ የሚያነሱት። ከተፈጠረም ሕክምና አለው። ልብ ውስጥ ያለውን ጫፍ ደግሞ ማንም አይነካውም፣ ናሙናው የሚወሰደው ከሳንባው ነው።

አሁን ለልጅቷ። «ቀጭኑ መርፌ ነው ወይስ ኮር?» ብለሽ ጠይቂ። በቀጭኑ መርፌ የሚወጣው የተበታተነ ሴል ነው። ካንሰር መሆኑን ሊናገር ይችላል፣ የማን ዘር እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ኮር ባዮፕሲ ሥጋውን እንደ ክር አድርጎ ያወጣል። ርዝመቱ አንድ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከስፌት መርፌ ብዙም አይበልጥም። ብርቅ የሆኑት ዕጢዎች የሚለዩት እሱ ላይ ነው። ሦስት፣ አራት ክር ቢወጣ ደስ ይለናል።

ሥጋው እንደወጣ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ፎርማሊኑ የሥጋውን አሥር እጥፍ ቢሆን ነው የሚመረጠው። ግሉኮስ ውሃ ውስጥ ተደርጎ፣ በጓንት ተጠቅልሎ የመጣ ናሙና አይቻለሁ። አንዱ በፌስታል ታስሮ ከገጠር ሁለት ቀን ተጉዞ መጥቶ ስከፍተው ሽታው ነው የተቀበለኝ። ያ ሰውዬ እንደገና ደረቱን ሊወጋ ነው። እጄ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ዕቃው ላይ ስም፣ ቀንና የተወሰደበት ቦታ መጻፉን በዓይንሽ አረጋግጪ፣ ማንም አይቆጣሽም።

ከዚያ እኛ ሰም ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ብሎክ የሚባለው ይሄ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ያረፈ ነጭ ሰም ነው፣ መሃሉ ላይ የወንድምሽ ሥጋ እንደ ትንሽ ጭረት ይታያል። ከሱ ላይ ከፀጉር የሳሳ ቁራጭ እየላጥን ቀለም እንቀባለን። ተራው ቀለም መልኩን ያሳያል። ብዙ ጊዜ ግን እዚያ ላይ እንቆማለን፤ ሴሎቹ ረዘም ረዘም ያሉ፣ እንደ እንዝርት የሾሉ ከሆኑ ስማቸውን ለማወቅ አይኤችሲ የሚባል ልዩ ቀለም ያስፈልጋል። ያ በሁሉም ቦታ የለም። ዋናው ነገር ብሎኩ ካለ ብሎኩ ይጓዛል፣ በሽተኛው ቤቱ ይቀመጣል። 350 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚሄደው ሰም ነው። ብዙ ቤተሰብ ይሄን ስለማያውቅ የደከመ ሰው አሳፍሮ አዲስ አበባ ድረስ ይወስድና እዚያ እንደገና ያስወጋዋል።

እንዝርት የመሰለ ሴል ካልሁ ላይቀር፣ ሲኖቪያል ሳርኮማ የሚባል አለ፤ ሳርኮማ ከጡንቻ፣ ከስብና ከመሳሰሉት ለስላሳ አካላት ወይም ከአጥንት የሚነሳ ካንሰር ነው። ስሙ ከመገጣጠሚያ ጋር ይያያዝ እንጂ ሳንባ ላይም ይበቅላል፣ ኤክስና 18ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ሲለዋወጡ የሚመጣ ነው። ሌላው ኢንፍላማቶሪ ማዮፋይብሮብላስቲክ ዕጢ ይባላል። ወጣቶችንም ይይዛል፣ ከነዚህ ግማሽ ያህሉ ላይ ኤኤልኬ የሚባል ጂን ተበላሽቶ ይገኛል፣ ለሱ ኪኒን አለ። ክሪዞቲኒብ ይባላል፣ ቀዶ ጥገና ለማይሆንላቸው ሰዎች በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አጽድቃዋለች። እነዚህ ሁለቱ በተራ ቀለም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ሌላና ሌላ ነው። ወንድምሽ ስሙን ንገሩኝ ያለው እኮ ትክክል ነው።

ቆጪ ሰፈር (ሰኞ ከሰዓት)

አላህ ያሽረው እህቴ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እናቴን ያስታመምኩ ሰው ነኝ። ያንቺን ሳነብ ግድግዳ ተደግፎ አደረ የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ።

እማዬ የሳንባ ካንሰር ነበረባት፣ ልቧ ዙሪያ ውሃ ይቋጥር ነበር። ሁለቴ በመርፌ ተቀዳላት፣ ሁለቴም በሳምንታት ውስጥ ሞላ። ሦስተኛው ላይ በትንሽ ቀዶ ጥገና ሽፋኑ ላይ መስኮት ከፈቱላት፣ ፈሳሹ ልቧን ሳያስጨንቅ ወደ ደረቷ እንዲያልፍ። ከዚያ በኋላ አልታፈነችም። ስለዚህ ሁለተኛ ከሞላ ስለ መስኮት ጠይቂ፣ እኛ በመጀመሪያው ብናውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት አታሳልፍም ነበር።

የሚጠቅምሽን ልጻፍ። ወረቀቶቹን ሁሉ አንድ ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ አድርጊ፣ የሁሉንም ገጽ በስልክ ፎቶ አንሺ። የሲቲ ስካኑን ሲዲ ጠይቂ፣ ፊልሙና ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም የሚያየው ሲዲውን ነው። የጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩ በሰንሰለት መሄድ አለበት፣ አንድ ማህተም ከጎደለ ይመልሱሻል። ጨረር ካስፈለገ ደግሞ ድሮ ለዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ ሰው ከመላ አገሪቱ እዚያ ተሰልፎ ወራት ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ጅማም ማሽን ስላለ ወደ አዲስ አበባ ከመነሳታችሁ በፊት እዚሁ ጠይቂ።

ጭስ ያለበት ቤት አታስተኙት። እኛ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ቡና ሲፈላ፣ ዕጣን ሲጨስ እማዬ ትሳል ነበር፣ ባህላችን ነውና ማን ይከልክል። በመጨረሻ እህቴ ከሰሉንም ዕጣኑንም ግቢ አወጣችው፣ ሰው ውጭ ተቀምጦ ጠጣ፣ ማንም አልተቀየመም። እማዬ በመስኮት ሆና የቡናው ሽታ ሲደርሳት «ሁለተኛው ነው አይደል?» ትለን ነበር።

11 ወር ኖረችልን። ቀላል ነበር አልልም። ግን ከመስኮቱ በኋላ ያሉት ወራት አብረን የበላንባቸው ናቸው።

የሊሙ ልጅ (ሰኞ ማታ)

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። የብሎክ ቆራጭን ጽሑፍ ለእናቴ ሙሉውን አነበብኩላት። «እማማ» የሚለው ላይ ሳቅ አለች፣ ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «አስፈርሚኝ» አለች። ነገ ጠዋት እንሄዳለን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አጎቴ «ቆርጠው ያውጡት፣ ልብ ከነሳንባው ይሠራል እኮ በዚህ ዘመን» ይላል። እውነት ይቻላል?

የኬሞ ነርስ (ማክሰኞ ንጋት)

ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ነው፣ ስህተት ካለ ሐኪሞቹ ያርሙኝ።

አጎትሽ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። የልብን ሥራ የሚተካ ማሽን ላይ አድርገው ልብን አቁመው፣ ዕጢውን ከሳንባው ክፍልና ከልብ ግድግዳ ቁራጭ ጋር አንድ ላይ አውጥተው፣ የተከፈተውን ከራሱ የልብ ሽፋን በተቆረጠ ቆዳ የሚጥፉ ቦታዎች አሉ። ግን የሚሠራው ተመርጦ ነው። ዕጢው ሌላ ቦታ መሄድ የለበትም፣ ስለዚህ ቀድሞ አንጎሉ፣ ጉበቱና አጥንቱ ይታያል። የልቡ ዙሪያ ፈሳሽ ውስጥ የካንሰር ሴል ከተገኘ ደግሞ የሳንባ ካንሰር ከሆነ አራተኛ ደረጃ ይባላል፣ ያኔ ቆርጦ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም፤ መድኃኒት ነው የሚቀድመው። እንደገና ወደ ስሙ ነው የሚመልሰን። ሊምፎማ የሆነን ሰው ልቡን ከፍቶ ማዳከም በደል ነው። በኪኒን ሊቀንስ የሚችል ዕጢ ከሆነም መጀመሪያ ኪኒኑ ተሞክሮ ቢያንስ ቀዶ ጥገናው ይቀልላል።

ሳርኮማ ከሆነ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀዩ ኬሞ ሊመጣ ይችላል። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ግን ልብን ያደክማል፣ በዕድሜ ልክ ድምር የተወሰነ መጠን አለው። በአካል ስፋት በስኩዌር ሜትር ከ450 እስከ 550 ሚሊ ግራም ሲደርስ እንቆማለን። ወንድምሽ ልቡ ተነክቷልና ከመጀመሩ በፊት ኤኮ ይነሳ፣ በመሃልም ይደገም። በእያንዳንዱ ዙር የወሰደውን መጠን አንቺም ደብተር ላይ ጻፊ። ሰው ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ሲዛወር ያ ቁጥር ይጠፋል፣ እኛ እንደገና ከዜሮ ስንቆጥር ልቡ ያውቀዋል።

ሌላ ደግሞ፣ በሽታውን አትደብቁት። ቤተሰብ «እንዳትነግሩት» ብሎ በር ላይ ይይዘናል። እሱ ግን ከአልጋው ሆኖ ስሙን ንገሩኝ እያለ ነው። የጠየቀን ሰው መልስ መንፈግ ብቻውን መተው ነው።

የሊሙ ልጅ (ከ11 ቀን በኋላ፣ ሐሙስ)

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። ናሙናው ተወሰደ፣ አራት ክር ወጣ። ፎርማሊን ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁ፣ ስሙን እኔው ጻፍኩበት። ትንሽ አየር ወጥቶ ነበር፣ አንድ ቀን አስተኝተው ራጅ ደገሙለት፣ በራሱ ጠፋ። ፈሳሹ አልተመለሰም፣ ትናንት ኤኮ ታይቷል። የደሙ ምርመራ ኤኤፍፒውም ቤታውም ምንም የለበትም። የቲቢውን መድኃኒት ሐኪሞቹ ተሰብስበው አቆሙት፣ የፈሳሹም ምርመራ ቲቢ አላሳየም።

የመጀመሪያው ውጤት ዛሬ ተሰጠን። ሊምፎማ አይደለም። «እንዝርት መሰል ሴል፣ ለአይኤችሲ ይላክ» ይላል። ወረቀቱን ለወንድም ጋሼ ራሱ ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበው። «ስለዚህ ገና ስሙ የለውም» አለ። የለውም፣ ሁለት እጩ አለ፣ አንዱ ኪኒን ያለው ነው አልኩት። አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ማታ ሽሮ አሠርቶ ከወትሮው አስበልጦ በላ።

ብሎኩ እጄ ላይ ነው፣ ነገ 11 ሰዓት ሌሊት አውቶቡስ ይዤው አዲስ አበባ እወጣለሁ። ብሎክ ቆራጭ ካለህ፣ ፍሪጅ ውስጥ ላሳድረው? በረዶ ልያዝ?

ብሎክ ቆራጭ (ሐሙስ ማታ)

አለሁ። ፍሪጅም በረዶም አያስፈልገውም፣ የቤት ሙቀት ይበቃዋል። ሰም ስለሆነ ጠራራ ፀሐይና የመኪና ዳሽቦርድ ነው ጠላቱ። በወረቀት ጠቅልለሽ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ አድርጊው፣ የክብሪት ካርቶንም ይሆናል፣ ከዚያ ጭንሽ ላይ ያለ ቦርሳ ውስጥ። ከላይ ጣሪያው ላይ ወይም ከታች ሻንጣ ማስገቢያው ውስጥ እንዳትጭኚው። የመጀመሪያውን ውጤት ኮፒና የሲቲውን ወረቀት አብረሽ ያዢ፣ የሚያየው ሐኪም ሥጋው ከየት እንደመጣ ካላወቀ የትኛውን ቀለም እንደሚመርጥ ይቸገራል። ስትሰጪ ደረሰኝ ተቀበይ፣ የብሎኩን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። ኤኤልኬም ይታይልን ብለሽ በቃልሽ ንገሪያቸው፣ ወረቀቱ ላይም ይጻፍ። ሲያልቅ ብሎኩን መልሰሽ አምጪው፣ የወንድምሽ ነው፣ ወደፊትም ያስፈልገዋል።

ደርሰሽ ስታስረክቢ እዚህ ጻፊልኝ።